ሳምቡሳ በጋዜጣ

«ድሬ የፍቅር ከተማ» የሚባለው ነገር ያደክመኛል። ከድሬ ልጅ አፍ ይሄ ሲወጣ ድፍረት እንደሚመስል አውቃለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ «ከድሬዳዋ ነኝ» ስል የሰው ፊት ወዲያው ይፈታል። «ኦ፣ የፍቅር አገር!» ይሉኛል። ቀጥለው ደግሞ «እናንተ እኮ ሃይማኖት፣ ብሔር ምናምን አታውቁም» ይላሉ። አቦ፣ እዚህ ላይ ነው የምናደደው።

እናውቃለን እንጂ! እንዲያውም እንደኛ የሚያውቅ የለም። ጎረቤት ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደማይበላ፣ መቼ እንደሚጾም፣ የትኛው ድስት ለማን እንደተለየ ሳያውቁ ድሬ ላይ ጎረቤት መሆን አይቻልም። ፍቅሩ ከአየሩ አይደለም የመጣው። አየሩማ ሙቀት ብቻ ነው። ፍቅር የሚሉት ነገር ኩሽና ውስጥ የሚሠራ ሥራ ነው፤ አብዛኛውን የሚሠሩት ደግሞ ሴቶች ናቸው። ስለሥራው ማንም አያወራም፣ ስለፍቅሩ ግን ሁሉም ይዘፍናል።

ከተማዋ ራሷ ዕድሜዋ ትንሽ ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው። ተራራው ከበደ፣ ወጪውም ናረ። ስለዚህ ሐዲዱ ሐረርን ትቶ በተራራው ሥር በሜዳው እንዲያልፍ ተደረገ። በ1895 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1902) ባቡሩ እዚያ ሜዳ ላይ ደረሰ፣ ከተማዋም በጣቢያው ዙሪያ በቀለች። መጀመሪያ ላይ «አዲስ ሐረር» ነበር የተባለችው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እስከዚያ ድረስ የባቡር ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ ተሸካሚው ሁሉ እዚህ ሰፈረ። ፈረንሳይ፣ ግሪክ፣ አርመን፣ ህንድ፣ የመን፣ ከደጋ የወረደ አማራና ጉራጌ፣ ከሐረር የመጣ ሐረሪ። አገሬው ኦሮሞና ሶማሌ ደግሞ በመሃላቸው። በከዚራ በኩል ዛፍ የተተከለበት ቀጥ ያለ መንገድ፣ በመጋላ በኩል ገበያና ጠባብ ሰፈር፣ በመሃል የደቻቱ ወንዝ። አብዛኛው ሰው ዘመዱን ሩቅ ትቶ የመጣ ነበር። ስለዚህ ጎረቤትን ዘመድ ማድረግ ግዴታ ሆነ።

እኔ ያደግኩት ከደቻቱ ብዙም በማይርቅ የቀበሌ ቤት ነው። አንድ ግቢ፣ አንድ ቧንቧ፣ ብዙ በር። ከኛ በር ፊት ለፊት ያለው በር የኢዶ ነበር። ኢዶ ሶማሌዎች አክስታቸውን የሚጠሩበት ነው፤ ግቢው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በዚሁ ነበር የሚጠራት። እውነተኛ ስሟን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። (በነገራችን ላይ ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይወደድም። እናቴን የምታህል ሴት «አንቺ» ስል የአዲስ አበባ ጓደኞቼ ይደነግጣሉ። ኢዶን አንቱ ብያት ቢሆን ግን ምን አስቀየምኳት ብላ እማዬን ትጠይቅ ነበር።)

እማዬና ኢዶ ጓደኛሞች ናቸው። ግን በአንድ ነገር ተስማምተው አያውቁም፤ በሳህን።

እማዬ የሳህን ሰው ናት። ከጎረቤት የመጣ ሳህን ባዶውን አይመለስም ትላለች። ይሄ ሕግ የእሷ ብቻ አይደለም፣ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ለዒድ ሀላዋ ይመጣል፣ ሳህኑ ድፎ ዳቦ ይዞ ይመለሳል። ምንም ከጠፋ ቆሎ፣ ቆሎም ከጠፋ ስኳር። እማዬ የጎረቤት ሳህን ቁምሳጥን ላይ ሁለት ቀን ካደረ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። አንዳንዴ ሳህን የምትሞላበት ስታጣ ከሌላ ጎረቤት ተበድራ ትሞላለች። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ የአንዷን ውለታ በሌላዋ ብድር መክፈል ማለት ነው።

ኢዶ ደግሞ በጋዜጣ ነበር የምትሰጠው።

ረመዳን ሲገባ ከዓስር ሶላት በኋላ ኩሽናዋ በር ላይ ተቀምጣ ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ሹርባው ከኋላዋ ይንተከተካል። ከዚያ ጋዜጣ ትቀድና ሦስት አራት እየጠቀለለች በየቤቱ ትልካለች። ላኪዎቹ እኛ ልጆቹ ነበርን። የባለሥልጣናቱ ፎቶ ላይ ዘይቱ ይሰፋል። መንገድ ላይ ከጥቅሉ አንዷን ሳምቡሳ ማጉደል የተለመደ ስለነበር ኢዶ ሁልጊዜ አንድ ትጨምር ነበር።

እማዬን ይሄ ያናድዳታል። «ለሰው በጋዜጣ? ቁርስ ቤት ነን እንዴ?» ትላለች። ሳህን ጠፍቶባት እንዳይመስላችሁ። ኢዶ ከጅቡቲ የመጣ ባለአበባ ሳህን በቁምሳጥን ሙሉ ነበራት። ለእንግዳ ታወጣዋለች፣ ለጎረቤት ግን ጋዜጣ።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቼ ነው። የግቢያችን መጨረሻ ላይ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ነበረች። በዓል በመጣ ቁጥር በሯን ትዘጋለች። ሳህን ይዘን ስናንኳኳ ልጇ በቀዳዳ ያየንና «የለችም» ይላል። ሰፈሩ ኩራተኛ አላት። እማዬም ትንሽ ቅር ብሏት ነበር። ኢዶ ግን «ሳህን ነው የፈራችው» አለች። የሚሞላበት የሌላት ሴት ሳህን እንዴት ትቀበላለች? እምቢ ብትል ታስቀይማለች፣ ብትቀበል ደግሞ ባዶውን ለመመለስ ታፍራለች። በሯን መዝጋት ነበር የቀራት። እሷን ብቻ ለይቶ በጋዜጣ መስጠት ደግሞ በሰው ፊት ማዋረድ ነው። ስለዚህ ኢዶ ግቢውን በሙሉ በጋዜጣ አደረገችው። ያላትንም የሌላትንም እኩል። ጋዜጣ ማን ይመልሳል?

እኔ እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው የደግነት ስብከቶች ሁሉ ይሄ ይበልጥብኛል። ስብከቶቹ «ስጡ» ነው የሚሉት። ተቀባዩ ከሰጡት በኋላ ማታ ምን እያሰበ እንደሚተኛ የሚናገር ስብከት ግን አልሰማሁም።

ኢዶ ይሄን ከየት እንዳመጣችው ጠይቄያት ነበር። የነገረችኝ የባቡር ታሪክ ነው። ድሬ ላይ የአሮጌ ሰው ታሪክ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ባቡር ላይ ይወጣል።

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ገና ልጅ እግር ሙሽራ ሆና ከጅቡቲ ወደ ድሬ ስትመጣ። ባሏ ድሬ ሆኖ ይጠብቃል፣ ይዟት የሚመጣው አጎቷ ሌላ ፉርጎ ውስጥ ካርታ ይጫወታል። አማርኛ አንዲት ቃል አታውቅም። የያዘችው ስንቅ በሙቀቱ ተበላሽቶባታል። ፊት ለፊቷ ነጠላ የለበሰች፣ አንገቷ ላይ ማዕተብ ያሰረች ነጋዴ ሴት ተቀምጣለች። ሴትየዋ ምሳዋን ፈታች። በእንጀራ የተጠቀለለ ሥጋ ነበር። ኢዶን አየቻት፣ ሥጋውን አየች፣ መልሳ ቋጠረችው። «ስስታም መሰለችኝ፣ ወላሂ» አለችኝ ኢዶ። ከዚያ ሴትየዋ ከዘንቢሏ ሥር ሁለት የተቀቀለ እንቁላል አወጣች። ከነቅርፊቱ። አንዱን ለኢዶ ሰጠቻት፣ አንዱን ራሷ ላጠች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ሙስሊም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፣ ክርስቲያንም እንደዚያው። ይሄን አገር ያውቃል። ሴትየዋ ሥጋውን ብትዘረጋላት ኢዶ ተርባ እምቢ ማለት ነበረባት፤ ቋንቋ በሌለበት ደግሞ እምቢታ ስድብ ይመስላል። ያልተላጠ እንቁላል ግን ውስጡን ቢላዋም ድስትም አልነካውም፣ ቅርፊቱን የምትከፍተው ራሷ ተቀባይዋ ናት። ሴትየዋ ሥጋዋንም መልሳ አልፈታችም። ኢዶ ፊት ብቻዋን ላለመብላት ሁለቱም እንቁላል በሉ።

ሴትየዋ አዲጋላ ላይ ወረደች። ኢዶ ስሟን አታውቅም፣ አገሯን አታውቅም። ድሬ ላይ አማርኛ ከለመደች በኋላ ቀፊራ ገበያ ነጠላ የለበሰች ነጋዴ ባየች ቁጥር ፊቷን ታይ ነበር። አላገኘቻትም። «ለማን ልመልስ?» አለችኝ። «ለእናትሽ መለስኩ፣ ላንቺ መለስኩ፣ ለዚያች እንጀራ ጋጋሪ መለስኩ። አላለቀም።»

እማዬ ይሄን ታሪክ ከኔ ቀድማ ታውቀው ኖሯል። አቋሟን ግን አልለወጠችም። አንድ ጊዜ በፋሲካ ለኢዶ ዳቦ በሳህን ላከች። ኢዶ ዳቦውን ወሰደች፣ ሳህኑን አጠበች፣ ባዶውን ላከች። ሆን ብላ! እማዬ ሳምንት ሙሉ አኮረፈች። ከዚያ ቧንቧው ጋ ተገናኙና ተነጋገሩ። ኢዶ «አንቺ ሳህን የምትሞይው ሒሳብ ለመዝጋት ነው። እኔ ደግሞ ካንቺ ጋር ሒሳብ መዝጋት አልፈልግም» አለቻት። እማዬ መልስ አጣች፤ ግን ዳቦ መላኳንም፣ በሳህን መላኳንም አልተወችም።

እውነቱን ለመናገር እኔ በሁለቱ መሃል ነኝ። የእማዬ ሳህንም ክብር አለው። ሳህን የሚሞላ ሰው «እኔም አለኝ፣ እኔም እሰጣለሁ» እያለ ነው። ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ መሆን ሰውን ያሳንሳል። ኢዶ ራሷ ከእማዬ ስትቀበል ምንም አይሰማትም ነበር፤ ምክንያቱም ሁለቱም አላቸው። ችግሩ አንዷ ሲኖራት ሌላዋ ሳይኖራት ነው።

የሳህን ሕግ ጭራሽ የጠፋበት ጊዜም አይቻለሁ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ መጣ። ደቻቱን ለማያውቅ ሰው ወንዝ ማለት ይከብዳል። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ዝናቡ የሚጥለው ላይ፣ ደጋው ላይ ነው። ድሬ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጎርፉ ሊመጣ ይችላል። የዚያን ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። የኛ ግቢ ተረፈ። ጠዋት እማዬ ትልቁን ድስት አወጣች። ኢዶም የእሷን ጣደች። ለተፈናቀሉት የሚሄደውን ምግብ ሲያዘጋጁ ሁለቱ ያወሩት ነገር ትዝ ይለኛል፤ «ሥጋ አንክተት።» ማን እንደሚበላው አይታወቅማ። ምስርና ሩዝ ሁሉም ይበላል። በዚያ ሐዘን መሃል እንኳ ይሄን አልረሱም። እንጀራ ጋጋሪዋ በሯን ከፍታ የጋገረችውን ሁሉ ይዛ ወጣች። የዚያን ቀን አንዲት እንጀራ አልሸጠችም።

ይሄን ሳወራ ድሬ ጠብ የላትም እያልኩ አይደለም። በቅርብ ዓመታት መንገድ የተዘጋበት፣ ድንጋይ የተወረወረበት፣ ሰው ስሙን ለመናገር የፈራበት ቀን አይተናል። ሳምቡሳ ድንጋይ አያስቆምም። በእነዚያ ቀናት ኢዶ እኛ ቤት ያደረችበት ሌሊት አለ፣ እኛ እሷ ቤት ያደርንበትም አለ። ሳንቲም የማይወጣበትን መፈክር የምጠላው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ሌሊት ሲመጣ የማን በር እንደሚንኳኳ ለማወቅ ብዙ ዓመት ሳምቡሳ መመላለስ አለበት።

ሌላው የድሬ ስጦታ በረዶ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ወርቅ ነው። ግቢያችን ውስጥ ፍሪጅ የነበራት ኢዶ ብቻ ነበረች። ውሃ በላስቲክ ቋጥራ ታቀዘቅዝና ለአፍጥር ታድላለች። ላስቲክም አይመለስም፣ ልብ በሉ። በታኅሣሥ ደግሞ፣ ለ19ኙ የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ በእግር የሚሄዱት ሲነሱ፣ ያንኑ ላስቲክ በካርቶን አስጭና ለተጓዦቹ ትሰጥ ነበር። የደንገጎን ዳገት በእግር የወጣ ሰው የዚያን ውሃ ዋጋ ያውቃል። አንድ ተሳላሚ «እናቴ፣ ስለት አለብሽ?» ብሎ ጠየቃት አሉ። «አዎ፣ የእንቁላል» አለችው። ሰውየው ምን እንደገባው እንጃ።

እኔ አሁን አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። የኢዶን ነገር እዚህ ልሞክረው ብዬ ሳምቡሳ ጠብሼ ፊት ለፊት ያለችውን ጎረቤቴን አንኳኳሁ። ጋዜጣ የሚገዛ ስለጠፋ በሶፍት ጠቅልዬ ነበር። ጥቅሉን አየችና «ስንት ነው?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። እዚህ ምግብ ይዞ በር የሚያንኳኳ ሰው ሥራ የጀመረ ሰው ነው። የብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንጀራውም፣ ሳምቡሳውም፣ ቂጣውም ይሸጣል። «በነፃ ነው» ስላት ደግሞ ይበልጥ ጠረጠረች። አሁን ደህና ተግባብተናል፣ ግን ጊዜ ወስዷል። እሷ ከወላይታ ናት፤ በመስቀል ሰሞን ቤቷ ሳይገቡ ማለፍ የለም። የእሷንም የሥጋ ሥርዓት ገና እየተማርኩ ነው።

ኢዶ ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጇ ጋ ጅቡቲ ሄደች። ጉልበቷ አስቸገራት። እማዬ አሁንም ድሬ፣ እዚያው ግቢ ነው ያለችው። ሁለቱ በየሳምንቱ ይደዋወላሉ፣ ሲጨቃጨቁ መስማት ነው።

በ2016 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን ገቡ፤ መጋቢት 2። እንዲህ መግጠሙ ብርቅ ነው፣ ከተማው ሁሉ አብሮ ጾመ። በኢዶ ቤት አዲስ ጎረቤት ገብቷል፤ ከጅግጅጋ የመጡ ወጣት ባልና ሚስት። ሚስቲቱ እርጉዝ ናት፣ ለከተማው አዲስ ናት። እማዬ፣ የሳህኗ እማዬ፣ የምስር ሳምቡሳ ጠበሰች። ሥጋ የለውም፣ እሷም ትበላዋለች፣ እነሱም ይበሉታል። ሳህን አወጣች፣ አየችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። በፌስታል አድርጋ ላከች። ይሄን ራሷ ናት በስልክ የነገረችኝ፣ ድምጿ ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበር።

በማግስቱ ልጅቷ ፌስታሉን አጥባ፣ አድርቃ፣ ቴምር ሞልታ መለሰችው።

እማዬ ለኢዶ ደውላ ከሰሰች። «አሁን እኔ ምን ላድርግ? ፌስታሉን ባዶውን ልመልስ?» አለቻት። ኢዶ ሳቋን ስትጨርስ፣ «ሀዬ፣ ቢጤሽን አገኘሽ» ብላ ዘጋችባት።